ከወንበሩ እንነሣ

«ከልጅ አትጫወት፣ እንጨት ይወጋሃል» የሚለው ብሂል በአገራችን ለረጅም ዘመን ሲነገር የኖረ ነው። ትልቅ ሰው ክብሩን እንዲጠብቅ ለማሳሰብ የተነገረ ሊሆን ይችላል። ዳሩ ግን ብዙዎቻችን ወላጆች ምክሩን ከመጠን በላይ ተቀብለነዋል። በዓል በመጣ ቁጥር ልጆቻችንን አልብሰን፣ አብልተን፣ ሲመቸንም ወደ መጫወቻ ሥፍራ ወስደን ስናበቃ፣ እኛው ራሳችን ዳር ይዘን እንቀመጣለን። በዚህ በዘመን መለወጫ ዋዜማ ልናነሣው የወደድነውም ይህንኑ ጉዳይ ነው።

በዘንድሮው ሐምሌ በዘመድ ጥሪ ወደ ሎስ አንጀለስ ተጉዘን ሳለን፣ ወንድማችን አንድ ቅዳሜ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ዲዝኒላንድ ሲሄድ አብረን ሄድን። ወንድማችን ቀን በመኪና ማቆሚያ፣ ማታ ደግሞ በታክሲ እየሠራ ሦስት ልጆች የሚያሳድግ ሰው ነው። ለአንድ ቤተሰብ መግቢያው ብቻ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ስለሚጠይቅ፣ ለዚያች አንዲት ቀን ገንዘብ ሲያጠራቅም ወራት እንደፈጀበት ባለቤቱ አጫውታናለች።

ዲዝኒላንድ አናሃይም በተባለች ከተማ፣ ቀድሞ የብርቱካን እርሻ በነበረ መሬት ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. ጁላይ 17 ቀን 1955 ተከፈተ። መሥራቹ ዎልት ዲዝኒ የአሳቡን መነሻ ራሱ ሲናገር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ሴት ልጆቹን በሎስ አንጀለስ ወደሚገኘው ግሪፊዝ ፓርክ ይወስዳቸው እንደነበር ገልጿል። ልጆቹ በሚሽከረከሩት የእንጨት ፈረሶች ላይ ሲጫወቱ፣ እርሱ በወንበር ላይ ተቀምጦ ኦቾሎኒ እየበላ ይጠብቃቸዋል። ወላጅና ልጅ አብረው የሚደሰቱበት ሥፍራ ሊኖር ይገባል የሚል አሳብ ያደረበትም በዚያን ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1843 የተከፈተውን የኮፐንሀገኑን የቲቮሊ መናፈሻ በ1951 ጎብኝቶ፣ ንጽሕናውንና የቤተሰብ መዝናኛነቱን አድንቋል። እንግዲህ ያ ሰፊ የመጫወቻ ሥፍራ የተፀነሰው፣ አንድ አባት ዳር መቀመጥ ስለሰለቸው ነው ማለት ይቻላል።

በዚያ ቅዳሜ ግን ወንበሮቹ በወላጆች ተሞልተው ነበር። ከተቀመጡትም መካከል እኛ ነበርንበት። ወንድማችን የሌሊት ሥራ ያደከመው ሰው ነውና፣ ዳቦ ቆሎ የተሞላውን ቦርሳ አቅፎ ያንቀላፋል። እኛ ደግሞ በእጅ ስልካችን ላይ አቀርቅረናል። የስድስት ዓመት ታናሺቱ ልጅ መጥታ «አባዬ፣ አንተም ና እንጂ» አለችው። «እናንተ ተጫወቱ፣ እኔ ዕቃ እጠብቃለሁ» ሲል መለሰላት።

ልጅቱ ከታላላቆቿ ጋር በእንጨቱ ፈረስ ላይ ወጣች። ፈረሱ ዞሮ በፊታችን ባለፈ ቁጥር ወደ ወንበሩ ትመለከት ነበር። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ተመለከተች። በአራተኛው ዙር ግን መመልከቷን ተወች። ይህን ያየነው ቀና ብለን በአጋጣሚ ነው። ወንድማችንን ቀስቅሰን ነገርነው። እርሱም ምንም ሳይናገር ቦርሳውን አንሥቶ ተነሣ። እኛም በመጀመሪያ ዕድሜያችንንና መዓርጋችንን አስበን አፈርን፤ በኋላ ግን ተከትለነው ሄድን። በሚቀጥለው ዙር አባትና ልጅ ጎን ለጎን በፈረስ ተቀምጠው ሲስቁ፣ እኛም ከኋላቸው ነበርን። እንጨቱም አልወጋንም።

ወንድማችንን ልንወቅስ አልተነሣንም። የደከመ አባት ቢያንቀላፋ አይፈረድበትም። ስልክ ይዘን የተቀመጥነው እኛ ግን ምክንያት አልነበረንም። ከዚህ የተገነዘብነው ነገር ቢኖር፣ የመግቢያ ዋጋ መክፈልና ከልጅ ጋር መዋል የተለያዩ መሆናቸውን ነው። ገንዘቡን የከፈለ ወላጅ ግዴታውን የፈጸመ ይመስለዋል። ልጁ ግን የዋጋውን ልክ አያውቅም፤ የሚያውቀው አባቱ ከጎኑ መኖሩን ወይም አለመኖሩን ብቻ ነው።

በአዲሱ ዓመት በዓል በ2013 ዓ.ም. እንደተከፈተው እንደ እንጦጦ ፓርክ ወዳሉ ሥፍራዎች ልጆቻቸውን ይዘው የሚወጡ ቤተሰቦች ይኖራሉ። አቅም የማይፈቅድላቸው ደግሞ በየቤታቸው ይውላሉ። ለሁለቱም የምንለው አንድ ነው። ልጃችን አበባየሆሽ ስትጨፍር፣ ገና ሳትጨርስ ሳንቲም ሰጥተን ከማሰናበት ይልቅ እስከ መጨረሻው እያጨበጨብን እንቀበላት። ወንዱ ልጃችን የሣላትን አበባ ይዞ ሲመጣ፣ ተቀብለን ከማስቀመጣችን በፊት እንዴት እንደሣላት እንጠይቀው። ይህ አንዳች ገንዘብ አይጠይቅም።

ልጆች «ና» እያሉ የሚጠሩን ዘመን አጭር ነው። ወደ ወንበሩ መመልከታቸውን ሳይተዉ እንነሣ።

መልካም አዲስ ዓመት።