ለጥንዶቹ ጊዜ ይሰጣቸው

እ.ኤ.አ. በ1992 በተካሄደው የትግል ትርኢት ሮያል ራምብል ታጋዩ ሪክ ፍሌር 3ኛ ሆኖ ወደ ሪንግ ገባ፤ አንድ ሰዓት ገደማ ተቋቁሞም ቀበቶውን ወሰደ። ያን ግጥሚያ ልዩ ያደረጉት ግን ማይክሮፎን የያዙት አስተላላፊዎች ጎሪላ ሞንሱንና ቦቢ ሂናን ናቸው። ሂናን ለፍሌር ይጨነቃል፣ ይማጸናል፣ ይፎክራል፤ ሞንሱን በየመሃሉ ልክ ያስገባዋል። 30 ሰው የሚተራመስበት ፍልሚያ በእነሱ አንደበት የአንድ ሰው ታሪክ ሆነ።

እንዲህ ያለ መናበብ በአንድ ጀምበር አይመጣም።

የትግል ድርጅቱ ደብሊው ደብሊው ኢ በ2021 ልምድ ያለውን የስፖርት ጋዜጠኛ አድናን ቨርክን የሳምንታዊ ትርኢቱ የ«ሮው» መሪ አስተላላፊ አድርጎ ሾመ፤ ሁለት ወር ሳይሞላ ተለያዩ። ከባልደረቦቹ ጋር ለመላመድ እንኳ የማይበቃ ጊዜ ነው! ታጋዮቹ በየሳምንቱ ቢፈራረቁ ያባት ነው፤ አስተላላፊዎቹን ግን ድርጅቱ ቢያንስ ለአንድ ዓመት አብረው እንዲቆዩ ሊያደርግ ይገባል።