ሶሎው የማን ነው?

የሮክ ወዳጆች ነን የምንል ሰዎች አንድ መጥፎ አመል አለን። ፖስተር ላይ ያየነው ሁሉ የባንዱ ባለቤት ይመስለናል። መድረክ ላይ አምስት ሰው ከቆመ ገቢውም ለአምስት የሚካፈል አድርገን እናስባለን። ኧረ ተው! ከአምስቱ አንዱ፣ አንዳንዴም ሦስቱ፣ እንደ ማንኛውም የቢሮ ሠራተኛ ደሞዝተኞች ናቸው።

ሮኒ ውድን እንውሰድ። ከሮሊንግ ስቶንስ ጋር መጫወት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። እኛ «ስቶንስ» ሲባል የሱም ፊት ይመጣብናል። ሰውዬው ግን ሸሪክ የሆነው ከአሥር ዓመት በላይ በደሞዝ ከሠራ በኋላ ነው።

ታዲያ ደሞዝተኛ መሆን ውርደት ነው? አይመስለንም። የፒንክ ፍሎይዱ ሪቻርድ ራይት (ኪቦርድ ተጫዋች ነው፤ ጊታሪስቶች ይቅር በሉን) «ዘ ዎል» ሲቀረጽ ከባንዱ ተባረረ። ከዚያ በ1980 እና በ1981 ለኮንሰርቶቹ በደሞዝ ተቀጥሮ ተመለሰ። ያ ግዙፍ ግድግዳ የሚገነባበትና የሚፈርስበት ትርዒት ከሰረ፤ ዕዳው ባለቤቶቹ ላይ ወደቀ። ገንዘብ ይዞ የወጣው የተባረረው ሰው ብቻ ሆነ!

ችግሩ ትርፍ ሲመጣ ነው። ተቀጣሪው ኪሳራ እንደማይነካው ሁሉ ትርፉም አይነካውም። አሜሪካ ውስጥ ኤፍኤም ሬዲዮ ዘፈን ሲያሰማ የሚከፍለው ለዜማና ለግጥም ደራሲው ነው። ጊታሩን የመታው ሰው ከሬዲዮኑ አንዲት ሳንቲም አያገኝም። እኛ ታክሲ ውስጥ የምናንጎራጉራት ያቺ የጊታር ሐረግ የሱ ፈጠራ ልትሆን ትችላለች፤ ድርሰቱ ላይ ስሙ ካልሰፈረ ግን የአንድ ቀን ሥራ ናት። ተከፈለ፣ አለቀ።

ስለዚህ መከራከር ያለበት ከመቀረጹ በፊት ነው። በ1974 የዴቪድ ቦዊ አጃቢዎች ፊላዴልፊያ ላይ መድረኩን ሲያዩ ተጨማሪ ማይክሮፎኖች ተተክለዋል። ለካ ኮንሰርቱ አልበም ሊሆን ኖሯል፤ ለነሱ የነገራቸው የለም። ለእያንዳንዳችን 5000 ዶላር ካልተባለልን አንወጣም አሉ። እሺ ተባሉ፤ አልበሙም በዚያው ዓመት ወጣ። ጀግኖች!

ግን ሁሉም እንዲህ እምቢ ማለት አይችልም። በ1983 ስቲቪ ሬይ ቮን በቦዊ «ሌትስ ዳንስ» አልበም ላይ ጊታር ከመታ በኋላ የጉዞው ውል ስላልተስማማው ጥሎ ሄደ። በቦታው የገባው ኧርል ስሊክ ነው፤ ያው ፊላዴልፊያ ላይ ከነበሩት አንዱ። ቮን ግን የራሱ ባንድ ነበረው፣ የመጀመሪያ አልበሙም በዚያው ዓመት ወጥቷል። እምቢታው መደገፊያ ነበረው።

ከመካከላችን አንዱ አዲስ አበባ ውስጥ ማታ ማታ ጊታር ይመታል። በቅርቡ የሚሠራበት ክለብ ካሜራ ተክሎ ጠበቀው። ቪዲዮው ለምን እንደሆነ፣ ማን እንደሚሸጠው፣ ለሱ ምን እንደሚደርሰው አልተነገረውም። «ጠየቅክ ወይ?» አልነው።

«ልምምድ ቤቱ በር ላይ ሦስት ጊታሪስት ቆሞ እያየሁ?» አለን። እኛም ዝም አልን።