የሴቶች ሸክም ለገበሬ ማኅበር ስብሰባ የሚቀርብ ጉዳይ ነው

የበሬ ትከሻ በቀንበር ቢላጥ ባለቤቱ ቁስሉ እስኪደርቅ ያሳርፈዋል። በአንገር ጉቲንም ሆነ በሌላው ገጠር፣ ረዳት የሌላት አራስ ግን አርባ ቀኗ ሳይሞላ ሃያ ሊትር ጀሪካን አዝላ ከወንዝ ስትመለስ የሚገረም ብዙ አይደለም።

ማህፀንንና ፊኛን ከሥር ደግፈው የያዙት ጡንቻዎችና ጅማቶች በወሊድ ጊዜ ይለጠጣሉ። ሳያገግሙ ከባድ ሸክም ሲያርፍባቸው፣ በዚያም ላይ የተደጋገመ ወሊድና የተራዘመ ምጥ ሲታከልበት፣ ማህፀን ወደ ታች ይወርዳል፤ ሲብስም ወደ ውጭ ይወጣል። ሽንት ያመልጣል፤ ጎንበስ ብሎ ማረም፣ ቆሞ መውቀጥም ጭንቅ ይሆናል። ይህ ከፊስቱላ የተለየ ነው። ፊስቱላ ምጥ ለቀናት ሲራዘም የሚፈጠር ቀዳዳ ሲሆን፣ ሽንት ያለማቋረጥ እንዲፈስ ያደርጋል። በሁለቱም ሴቲቱ ሕመሟን ከባሏ ሳይቀር ደብቃ ዓመታት ታሳልፋለች።

በአንገርና በዴዴሳ ሸለቆዎች ጉዳዩን የሚያከብደው ሌላም ነገር አለ። ገንዲ የጋማና የቀንድ ከብቱን ሲጎዳ የኖረበት ቆላ ነው። አህያው ሲሞት እህሉ ወደ ወፍጮ፣ እንጨቱም ወደ ቤት የሚሄደው በሴት ጀርባ ነው። ስለ ገንዲ መድኃኒት ግማሽ ቀን የሚከራከር ስብሰባ፣ ሸክሙ ወደ ማን እንደተዛወረ አለመጠየቁ ያስገርማል።

«የሴት ገበና በአደባባይ አይነሳም» የሚሉ ይኖራሉ። የማንም ገበና ይነሳ አልተባለም። ስብሰባው የሚነጋገረው ስለ ውሃ ጉድጓድ ቦታ፣ ስለ ጋሪ፣ አራስ ከወል ሥራ ስለምታርፍበት ጊዜ፣ ምጥ የያዛትንም ሌሊት ወደ ጤና ጣቢያ ስለሚያደርስ ሰው ነው። ይህ ሁሉ ከመሪዎቹ ሥልጣን አይወጣም።

ሕመሙ ሕክምና አለው። ገና ሲጀምር ሽንት እንደሚቋጥር ሰው ጡንቻውን እያጠበቁ ማላላትን በየቀኑ መደጋገም ይረዳል፤ አሠራሩን የጤና ባለሙያ ታሳያለች። ሲጠና ማህፀኑን ደግፎ የሚይዝ ቀለበት ወይም ቀዶ ሕክምና አለ። ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሃምሊን በ1960ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ አዲስ አበባ ላይ ያቋቋሙት የፊስቱላ ሆስፒታል፣ ለምዕራቡ አገር የሚቀርብ ቅርንጫፍ መቱ ላይ ከፍቷል። ከጉቲን መቱ ሩቅ ነው። ታካሚዋን ብዙ ጊዜ የሚያስቀራት ግን የመንገዱ ርዝመት ብቻ ሳይሆን የቤቱ ሥራ ነውና፣ ታክማ እስክትመለስ፣ ከተመለሰችም በኋላ ቁስሏ እስኪጠግን ውሃውን ማን እንደሚቀዳ ከጉዞው በፊት መወሰን አለበት።