ስለ ሽንት ሕመም ሐኪም አመራረጥ

በቤተ ሰብ መካከል የማይነገር ሕመም ቢኖር የሽንት ሕመም ነው። ጥርሱን ያመመው ሰው ለጎረቤቱ ሁሉ ይናገራል፤ ወገቡን የቈረጠመው በሰው ፊት ያቃስታል፤ ሽንት የቸገረው ግን ከሚስቱ እንኳ ይደብቃል። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ማለታቸው ይህን ዓይነቱን ሰው ተመልክተው ይመስለናል።

ከእኛ ጋር ያስተምሩ የነበሩ አንድ አዛውንት መምህር በየሌሊቱ 4 ወይም 5 ጊዜ ለሽንት እየተነሡ 2 ዓመት ሙሉ ሲቸገሩ ለማንም አልተነፈሱም። ሲብስባቸው ልጃቸውን ወደ መድኃኒት መደብር ይልኩና የመጣውን ኪኒን ይውጡ ነበር። በመጨረሻም አንድ ሌሊት ሽንታቸው ፈጽሞ ተከለከለ፤ በጭንቅ ተይዘው ወደ ሆስፒታል ተወሰዱ፤ በዚያም ካቴተር በሚባለው ቀጭን ቱቦ ወጣላቸው። በማግሥቱ ልንጠይቃቸው ስንሄድ «ይህን ያህል ቀላል መሆኑን ዐውቄ ቢሆን ኖሮ» አሉን። ነገር ግን የቀለለው የዚያች ሌሊት ጭንቅ ብቻ ነበር፤ የሕመሙን ምንጭ የሚያክም ሐኪም መፈለግ ገና ቀርቶ ነበር።

ለዚህ ሕመም የሚፈለገው ሐኪም ዩሮሎጂስት ይባላል። ቃሉ ከጽርእ የመጣ ሲሆን የሽንትን ነገር የሚመረምር ማለት ነው። ሙያው የቀዶ ሕክምና ሲሆን፤ ኩላሊትን፣ ሽንት ከኩላሊት የሚወርድበትን ቧንቧ፣ ፊኛን፣ እንዲሁም የወንዶችን ፕሮስቴት ዕጢና የመራቢያ አካል ይመለከታል። በስኳር ወይም በደም ግፊት ምክንያት ኩላሊቱ የደከመበት ሰው ግን የሚሄደው ኔፍሮሎጂስት ወደሚባለው የውስጥ ደዌ ሐኪም ነው። በር ላይ «የኩላሊት ሐኪም» የሚል ሰሌዳ ሁለቱንም ሊያመለክት ስለሚችል፤ ከመግባት በፊት የትኛው እንደ ሆነ መጠየቅ ገንዘብንም ቀንንም ያተርፋል።

ዩሮሎጂስት የወንዶች ሐኪም ብቻ መስሏቸው የሚቀሩ እናቶችም አሉ። ጠጠር ወይም ተመላላሽ የሽንት ኢንፌክሽን ያለባት ሴት ወደ እርሱ ልትሄድ ይገባታል። ከረጅም ምጥ በኋላ ሽንቷን መቈጣጠር ያቃታት እኅት ግን የተለየ ቦታ አላት፤ ይኸውም ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሃምሊን በ1974 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ያቋቋሙት የፌስቱላ ሆስፒታል ነው። በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ ቅርንጫፎች የተከፈቱለት ሲሆን ሕክምናውም ያለ ክፍያ ነው።

ሽንት የቸገረው ሁሉ ወዲያው ወደ ስፔሻሊስት ይሂድ ማለታችን አይደለም። በመጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሄዶ ሽንቱን ማስመርመር ይበቃው ይሆናል። ለምሳሌ በአዋሽ ሸለቆ የሚኖር ልጅ ሽንቱ ደም ቢቀላቀልበት ብልሃርዝያ ሊሆን ይችላል፤ ይህም በኪኒን የሚድን ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ያለው ቤተ ሰብም ከጤና ጣቢያው የሪፈር ወረቀት ሳይዝ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ቢሄድ ወጪው በራሱ ላይ ሊወድቅበት ይችላል። ነገር ግን በዕድሜ የገፋ ሰው ሕመም ሳይሰማው ደም ቢሸና፤ አንድ ጊዜ ታይቶ ቢጠፋም እንኳ፤ «ተወኝ» ብሎ መቀመጥ አይገባውም። የፊኛ ዕባጭ ምልክት ሊሆን ይችላልና፤ ይልቁንም ሲጋራ የሚያጨስ ከሆነ።

ወደ መምህሩ እንመለስ። ከሆስፒታል እንደ ወጡ ሰሌዳው ወደ ማረካቸው አንድ ክሊኒክ ሄዱ። በዚያም የነበረው ሐኪም ስለ ሌሊቱ መነሣት አልጠየቃቸውም፤ በእጁም አልመረመራቸውም። ፒ ኤስ ኤ የሚባለውን የደም ምርመራ አስደርጎ ቁጥሩ ከፍ ማለቱን ባየ ጊዜ «ካንሰር ሳይሆን አይቀርም፤ በዚህ ሳምንት ቀዶ ሕክምና ይደረግልዎ» አላቸው፤ ዋጋውንም ነገራቸው። እሳቸውም የልጃቸውን የትምህርት ገንዘብ ሊያወጡ ተነሡ። እኛ ግን ሌላ ሐኪም ሳያዩ እንዳያደርጉት ለመንናቸው።

ሁለተኛው ሐኪም በመጀመሪያ ጠየቃቸው፤ ቀጥሎም ቢያፍሩም በጣት የሚደረገውን ምርመራ አደረገላቸው። ከዚያም የዕጢውን ሥዕል በወረቀት ላይ ነድፎ እንዲህ ሲል አስረዳቸው፦ ሽንት የታገደበትና ቱቦ የገባበት ሰው የፒ ኤስ ኤ ቁጥሩ ለጊዜው ከፍ ይላል፤ የዕጢው ማደግና መቈጣትም ከፍ ያደርጉታል፤ ካንሰር መሆኑ የሚረጋገጠው ከዕጢው ተቈርሶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው። ከሳምንታት በኋላ ምርመራው ሲደገም ቁጥሩ ወርዶ ተገኘ። ዕጢው በዕድሜ ምክንያት ያደገ ብቻ ነበር፤ በኪኒን ተጀመረላቸው። ኪኒኑ በድንገት ብድግ ሲሉ ሊያዞራቸው እንደሚችልም ሐኪሙ አስቀድሞ አስጠነቀቃቸው።

እንግዲህ ሐኪም የሚመረጠው በሰሌዳው ስፋት አይደለም። የሙያ ፈቃዱ ስፔሻሊስት መሆኑን ይናገር እንደ ሆነ ይጠየቅ፤ ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ቀዶ ሕክምና ካስፈለገ እንዲህ ያለውን ስንት ጊዜ እንደ ሠራ፣ በሽንት መውጫ በኩል በመሣሪያ ይሁን ወይስ ሆድን በመክፈት፣ ብንቈይስ ምን እንደሚደርስብን፣ የተባለው ዋጋ አልጋንና ማደንዘዣን የሚጨምር መሆን አለመሆኑን፣ ከቀዶው በኋላም የሚከታተለን ማን እንደ ሆነ እንጠይቀው። መሣሪያው በየሆስፒታሉ አይገኝምና ሆድ ተከፍቶ መሠራቱ ብቻውን የመጥፎ ሐኪም ምልክት አይደለም። ከፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና በኋላ ዘር ወደ ፊኛ የሚመለስበት ጊዜ ብዙ ስለሆነ፤ ገና ልጅ የሚያስብ ሰው ይህን ሳያፍር ያንሣ። ጠጠር ያለበትም ሰው ብዙ ውኃ እንዲጠጣ ስለሚታዘዝ፤ የሚጾምበትን ሰዓት ለሐኪሙ ይንገረው። ጥያቄ ሲበዛበት የሚቈጣ ሐኪም ቢያጋጥመን እኛስ ሌላ ሐኪም መፈለጉን እንመርጣለን።

መምረጥ የማይገባበት ጊዜም አለ። ሽንት ፈጽሞ ሲከለከል፣ የጎን ውጋት ከትኵሳት ጋር ሲመጣ፣ ወይም ወንድ ልጅ የዘር ፍሬው ድንገት ሲያመው፤ በአቅራቢያ ወዳለው ሆስፒታል መሮጥ ነው። የልጁ የዘር ፍሬ ተጠምዞ እንደ ሆነ 6 ሰዓት ያህል ካለፈ የመትረፉ ተስፋ እየቀነሰ ይሄዳልና፤ እስኪነጋ መጠበቅ አያስፈልግም።

ሁለተኛው ሐኪም መምህሩን 3 ቀን የጠጡትንና የሸኑትን በሰዓቱና በመጠኑ ጽፈው እንዲያመጡ አዟቸው ነበር። እሳቸውም እንደ ልማዳቸው የተማሪ ደብተር በቀይ ቀለም አስምረው፣ ዓምዱን ከፋፍለው፣ ድምሩን ከግርጌ ጽፈው ቢያቀርቡ ሐኪሙ ሥቆ «እኔንም ያስተምሩኛል» አላቸው። ደብተሩ ዛሬም በመምህራን ክፍል በመሳቢያቸው ውስጥ ይገኛል። ባለፈው ወር አንድ ባልንጀራችን ተውሶት አሰማመሩን ቀድቶ መለሰ፤ ለምን እንደ ፈለገው አልጠየቅነውም።