ፍቅር ሚዛን ላይ ሲወጣ

 

የዛሬው ደብዳቤ ከአንድ የአዲስ አበባ ልጅ የመጣ ነው። ሚዛን ተፈሪ ሥራ አግኝቷል። እጮኛው ግን «ወይ እኔን ወይ ጫካህን ምረጥ!» ብላ ቁርጡን ነግራዋለች። «ምን ላድርግ?» ይላል ምስኪኑ።

እኔ የምለው፣ ለመሆኑ አገሩን አይታችሁታል? ሁለቱም ባላዩት አገር ነው የሚጣሉት! እኔ አይቼዋለሁና ልንገራችሁ።

በጅማና በቦንጋ አድርጎ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መንገዱ ያደክማል፣ አልዋሽም። ከከተማው ዳር ግን አንዲት ትንሽ ኮረብታ አለች። ተራራ እንዳይመስላችሁ፤ የጀመራችሁትን ወሬ ሳትጨርሱ አናቷ ላይ ትደርሳላችሁ። ግራና ቀኙ እንሰት ነው፤ ከትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር ደግሞ ቡና። ዝናብ ስለሚበዛ መሬቱ ያዳልጣልና ባለ ተረከዝ ጫማ ቤት ይቅር! ከላይ ሲያዩት የቆርቆሮ ጣራ፣ ጭጋግና አረንጓዴ ብቻ ነው። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ከሄዳችሁ ቀይ የቡና ፍሬ ሲለቀም ትደርሳላችሁ።

«ጫካ» ነው ያለችው? ከከተማው ወደ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ራቅ ብሎ ሰፊው የበበቃ ቡና እርሻ አለ። ዩኒቨርሲቲም ስላለ ከተማው ወጣት በወጣት ነው። በ2004 (እ.ኤ.አ.) ፓናማ ውስጥ ተወዳድሮ ዓለምን ጉድ ያሰኘው ጌሻ የሚባለው ቡናስ? ዘሩ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተወሰደው ከዚሁ ከደቡብ ምዕራብ ጫካችን ነው። ሌላው ሀብታም ሆነበት፣ እኛ አፍንጫችንን እንነፋለን!

አሁን ወደ አንተ ልምጣ፣ ወንድሜ። አንተ ሥራ ይዘህ ነው የምትሄደው። እሷስ ምን ልትሠራ? ቀኑን ሙሉ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ አንተን ልትጠብቅ? «ጫካ» ስትል ዛፉን ላይሆን ይችላል፤ ሥራ ፈትነቱን፣ ከእናቷና ከጓደኞቿ መለየቱን ፈርታ ይሆናል። ጠይቀሃታል? በደብዳቤህ ላይ ስለዚህ አንድ መስመር የለም።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። ቀለበቱንም ሥራውንም ሳትጥሉ ለአንድ ሳምንት አብራችሁ ሂዱ። ለቤተሰብ ወግ እህቷ ትከተል። ኮረብታዋ ላይ ውጡና ሦስት ነገር ተነጋገሩ፦ እሷ ምን ትሠራለች? ስንት ዓመት ትቆያላችሁ? በዓመት ስንቴ አዲስ አበባ ትመጣላችሁ? መልስ ከተገኘ እሰየው። ካልተገኘም አይታችሁ ነውና የወሰናችሁት፣ ኋላ «ምነው ባየሁት ኖሮ» የለም።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ጻፉልኝ። ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!