ጉራ የሚያሸንፈው ቆጣሪ በሌለበት ነው

ደብረ ብርሃን ላይ አንድ የቢሮ ሠራተኛ፣ አንድ የፋብሪካ ሠራተኛና አንዲት ቤት የምትውል ልጅ አቁማችሁ «ከጉራና ከትህትና የቱ ይሻላል?» ብትሏቸው ሦስቱም «ትህትና» ነው የሚሏችሁ። ቀጥላችሁ «እሺ፣ ዕድገት ያገኘው ማነው? ቤት ውስጥ የሚመረቀውስ ማነው?» ስትሏቸው ግን ከመልሱ በፊት ሳቅ ይመጣል። ነገሩ ግልጽ ነው። ትሁቱን እናመሰግናለን፣ ጉረኛውን እንሾማለን።

እኔ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው። ስለዚህ ይህን ነገር «ዘመኑ ከፋ» ብዬ ማለፍ አይሆንልኝም። ጉረኛ ድሮም ነበር፣ ነገም ይኖራል። እኔን የሚገርመኝ ጉራ አንዳንድ ቦታ ላይ እያዋጣ ሌላ ቦታ ላይ ምንም አለማዋጣቱ ነው።

ከሥራ ልጀምር። ፍሪላንስ ነው የምሠራው፤ እጽፋለሁ፣ ሲገኝ ደግሞ ለጥናት መረጃ እሰበስባለሁ። አንድ ጊዜ ስሙን የማልጠራው ድርጅት አምስት ልጆች ቀጥሮን ገጠር ለገጠር ስንዞር ከረምን። ከመሃላችን አንዲት ልጅ ነበረች። እኛ ውርጩን ሸሽተን ብርድ ልብስ ውስጥ ስንገባ እሷ የቀኑን ቅጽ አንድ በአንድ እያየች ስህተት ታርማለች። ዕድሜው ሁለት መቶ ዓመት የተጻፈለት አባወራ፣ ልጆቹ ከሚስቱ ዕድሜ የሚበልጡ ሰውዬ፣ ሁሉንም ያገኘችው እሷ ናት። ሪፖርቱ ሲቀርብ ፓወርፖይንት ከፍቶ የቆመው ግን ሌላ ልጅ ነው። «እኔ ያጠራሁት ዳታ» አለ፤ አጨበጨቡለት። ቀጣዩ ኮንትራትም የሱ ሆነ። እሷን «ለምን አትናገሪም?» ስንላት «ተዉት፣ ሥራ ራሱ ይናገራል» አለች።

ሥራ ግን አይናገርም። ሥራ አፍ የለውም፤ የሚናገርለት ወይም የሚቆጥርለት ሰው ይፈልጋል።

ማይክል ስፔንስ የሚባል ኢኮኖሚስት በ1973 (እ.ኤ.አ.) ስለ ሥራ ገበያ የጻፈው ሐሳብ አለ፤ በ2001 ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር የኖቤል ሽልማት አስገኝቶለታል። ባጭሩ እንዲህ ነው። ቀጣሪ የሠራተኛውን ችሎታ ገብቶ ማየት ስለማይችል ከውጭ በሚታይ ምልክት ይገምታል፤ ለምሳሌ በዲግሪ። ምልክቱ የሚታመነው ግን ለማይችል ሰው ውድ፣ ለሚችል ሰው ቀላል ሲሆን ነው። በዚህ ሚዛን ጉራ ከምልክት ሁሉ ርካሹ ነው። ምላስ ያለው ሁሉ ያወራዋል። እንግዲህ ማንም ሊያምነው አይገባም ነበር። የሚታመነው ሰሚው ሌላ ማረጋገጫ ሲያጣ ነው፤ ወይም ማረጋገጥ ሲሰለቸው።

ማረጋገጫ ያለበትን ቦታ ደግሞ እዩ። ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ሰሜን ሸዋ ገጠር ወንፈል አለ። ዛሬ እኔ ያንተን ገብስ አጭድልሃለሁ፣ ነገ አንተ የኔን ታጭድልኛለህ። የሰው ጉልበት በሰው ጉልበት፣ ቀን በቀን ይመለሳል። «አጨዳ ላይ ማን ይደርስብኛል!» ብሎ ያወራ ሰው ያስቅ ይሆናል፤ ያለበት ሁለት ቀን ግን ያው ሁለት ቀን ነው። ዕቁብም እንደዚያው ነው፣ ጸሐፊው ደብተሩን ይዞ ተቀምጧል። ዕድርም ለቀብር ስም ይጠራል፣ የቀረ ይቀጣል። ዕድር ላይ በጉራ ቅጣት ያስነሣ ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ወላጆቻችን «ይሄ ሕዝብ ጉራ አይወድም» ሲሉ እውነታቸውን ነው። ግን ጉራ ያልወደደው በጸባዩ ብቻ አይደለም፤ ቆጣሪ ስለነበረው ነው።

ቆጣሪ ሲጠፋ የሚሆነውን ለማየት አንኮበር እንውጣ። በ1841 (እ.ኤ.አ.) ካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የሚባል እንግሊዛዊ የመልእክተኞች ቡድን እየመራ፣ ከታጁራ ተነሥቶ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ መጣ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የንግድና የወዳጅነት ውል ተፈረመ። ሃሪስ በ1843 ወደ አገሩ ተመለሰ፤ በ1844 ስለ ጉዞው ሦስት ቅጽ መጽሐፍ አሳተመ፤ «ሰር» የሚል ማዕረግም ተሰጠው። ውሉ ግን ይህ ነው የሚባል ንግድ አላመጣም።

ሃሪስ አልሠራም አልልም፤ ያንን በረሃ ማቋረጥ ቀልድ አይደለም። ግን ሥራውን ብቻውን አልሠራውም። ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ የተባለው ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ ከ1839 ጀምሮ ሸዋ ተቀምጦ ቋንቋውንም ቤተ መንግሥቱንም አውቆ ነበር፤ መልእክተኞቹን የረዳ እሱ ነው። ግመል ዳገቱን አይወጣም። ስለዚህ ጓዙን ከቆላ እስከ ተራራው ያወጣው ያገሬው ሰው ነው፣ በጫንቃው። አንኮበርን በእግሩ የወጣ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። የእነዚያ ተሸካሚዎች ስም ማንም ጋ የለም። ለንደን ላይ የተቀመጠው ሰው አንኮበር ላይ ማን ምን እንደሠራ በምን ይወቅ? በእጁ የገባው የሃሪስ ጽሑፍ ነው። ማዕረጉም ወደ ጻፈው ሰው ሄደ።

በዚያ ዘመን እኛም ዝምተኞች አልነበርንም። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለው ተረት የኛው ነው። ከዘመቻ የተመለሰ ሰው ጌታው ፊት ቆሞ ይፎክራል፤ የት እንደዋለ፣ ማንን እንደጣለ ይቆጥራል። ግን ማን ፊት ነው የሚፎክረው? አብረውት የዘመቱት ፊት። ያልዋለበትን ቢያወራ «የት ነበርክ?» የሚለው ሰው አጠገቡ ቆሟል። ፉከራ ምስክር ያለው ጉራ ነው ማለት ይቻላል። የዛሬው የሚያስቸግረው ምስክሮቹ ከአዳራሹ ውጭ ሆነው ስለሚነገር ነው። ቅጹን ያረመችው ልጅ ሪፖርቱ የቀረበበት ስብሰባ ላይ አልተጠራችም።

አሁን ወደ ቤት እንግባ፤ እዚህ ነገሩ ይበልጥ ያማል። በብዙ ቤት አንድ ልጅ አዲስ አበባ ወይም አረብ አገር ነው፣ አንዷ ቤት ቀርታለች። የሩቁ ልጅ ለፋሲካ በግ ይዞ ሲመጣ ሰፈሩ ይሰማል። አባት ቆመው ይመርቁታል፣ ከእናቱ ጋር የተነሣው ፎቶ ፌስቡክ ላይ ይወጣል። ቤት የቀረችው ልጅ ዓመቱን ሙሉ ኩበት ስትጠፈጥፍ፣ ውኃ ስትቀዳ፣ አባቷን ለክትትል ሆስፒታል ስታመላልስ ከርማለች። እንግዳ መጥቶ «አንቺስ ምን ትሠሪያለሽ?» ሲላት የምትመልሰው «ምንም፣ ቤት ነኝ» ነው።

የሩቁን ልጅ ጉረኛ እያልኩ አይደለም። አረብ ቤት የምትሠራ እህታችን የምትልከው ብር ምን ያህል እንቅልፍ እንደበላ እናውቃለን። ልዩነቱ፣ የሷ ድካም ቁጥር አለው፤ በወር ስንት እንደላከች ባንክ ላይ ይታያል። ቤት ያለችው ድካም ቁጥር የለውም። ቁጥር የሌለውን ድካም ደግሞ ቤተሰብም እንደ አየር ነው የሚያየው፤ ሲጠፋ ብቻ ነው የሚታወቀው።

ይህን ስህተት ትልልቆቹም ሠርተውታል። ሳይመን ኩዝኔትስ በ1934 የአሜሪካንን ብሔራዊ ገቢ አስልቶ ለሴኔቱ ሲያቀርብ የቤት እመቤቶችን ሥራ ከሒሳቡ አስወጥቶታል፤ ማስወጣቱንም እዚያው ጽፏል። የአገር ምርት የሚባለው ሒሳብ ዛሬም እናት ለቤተሰቧ የጋገረችውን እንጀራ አይቆጥርም፤ ያው እንጀራ ሱቅ ሲሸጥ ግን ይቆጠራል። የኛም ጓዳ ከዚህ አይለይም። መንዝ ባና ሲሠራ የበጉን ጠጉር የሚፈትሉት ሴቶች ናቸው፣ የሚሸምኑት ወንዶች። ባና የገዛችሁ፣ ፈታይዋ ማን እንደሆነች ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

«ትህትና እኮ ሲታወጅ ትህትና አይሆንም» የሚል ሰው እንዳለ አውቃለሁ። እውነት አለው። ግን በስውር አድርጉ ተብለን የተማርነው ስለ ምጽዋት ነው፤ ስለ ደሞዝና ስለ ዕድገት አይደለም። የሰጡትን አለማውራትና የሠሩትን መነጠቅ ለየቅል ናቸው። ደግሞም ትህትና ብለን የምንጠራው ብዙ ጊዜ ይሉኝታ ነው። ትሁት ሰው የሠራውን ያውቀዋል፣ ሲጠየቅም በልኩ ይናገራል። ይሉኝታ የያዘው ሰው ተጠይቆም «ኧረ ምንም አልሠራሁ» ይላል፤ ከዚያ ማታ ሲብሰለሰል ያድራል።

ሌላው ስጋት ቆጠራውም ይበላሻል የሚል ነው። ይበላሻልም። ጠዋት የተፈረመ ፊርማ ብቻ የሚቆጠርበት ቢሮ ውስጥ ኮቱን ወንበር ላይ ሰቅሎ የሚጠፋ ሰው ይበዛል። ስፌት መስመር ላይ ቁራጭ ብቻ ከተቆጠረ ለአዲሷ ልጅ መርፌ አያያዝ ያሳየችው ምንም አላገኘችም። ስለዚህ መቁጠር ብቻውን አይበቃም፤ አብሮ የዋለውን ሰው መጠየቅ ያስፈልጋል። ወንፈል የሚሠራው ቆጣሪዎቹ ራሳቸው አብረው ስለሚያጭዱ ነው።

ምን እናድርግ? ከትንሽ ነገር መጀመር ይቻላል። ሥራ ያላችሁ፣ ዓርብ ዓርብ በቡድኑ ቴሌግራም ላይ ሦስት መስመር ጻፉ፤ ምን ተሠራ፣ ማን ሠራው፣ ምን ቀረ። የራሳችሁን ስም ስትጽፉ የባልደረባችሁንም ጻፉ። ይህ ጉራ አይደለም፣ መዝገብ ነው። አለቃ የሆናችሁ ደግሞ ሪፖርት ሲቀርብላችሁ «ይሄን ሠንጠረዥ የሠራው ማነው? እሱ ያስረዳን» በሉ። ያልሠራው ሰው ሁለተኛ ጥያቄ ላይ ይቆማል። እንዲህ በሚጠየቅበት ቢሮ ውስጥ ጉረኛው ራሱ ሥራ መማር ይጀምራል፤ ካልሆነለትም «እዩኝ እዩኝ ያለች ደብቁኝ ደብቁኝ ታመጣለች» የሚባለው ይደርስበታል።

ቤት ውስጥስ? ለእናት ደሞዝ እንቁረጥ አልልም፤ ብንል ራሷ ነች የምትስቅብን። ግን ከሩቅ የምትመጡ ልጆች ለበዓል ስትመጡ ከበጉ ጋር አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ግቡ፤ «አባባ ለክትትል መቼ ነው የሚሄደው? የዚህ ወሩን እኔ ልውሰደው» በሉ። አንድ ቀን ሆስፒታል ተሰልፋችሁ ስትውሉ የእህታችሁ ዓመት ስንት እንደሚያህል ትቆጥሩታላችሁ። ምርቃት ላይም አባቶች፣ በጉን ያመጣውን መርቃችሁ ስታበቁ ወጡን የሠራችውን በስሟ ጥሩልን።

ትሁት ሰው ጩኸት እንዲማር አልፈልግም። ቅጽ የምታርመው ልጅ መድረክ ላይ ካላብለጨለጨች አይገባትም የምንል ከሆነ ጉረኛን በሌላ ጉረኛ ነው የተካነው። መማር ያለበት ሰሚው ነው። እኛ አድማጮች፣ ቀጣሪዎች፣ ወንድሞች፣ ላይክ የምናደርግ ሰዎች «ማን ነው የሠራው?» ማለት እስካልለመድን ድረስ በሚቀጥለውም ስብሰባ የምናጨበጭበው ፓወርፖይንቱን ለያዘው ነው።