መላጊያው ከውጭ፣ ጣውላው ከየት?

ውጭ አገር ያለ ዘመድ «ምን ላምጣልህ?» ሲለው፣ የባሌ ሮቤ አናጺ ጫማ አይልም፤ ጥሩ መላጊያ ይላል። (የኤሌክትሪክ መጋዝ ከአሜሪካ የምታመጡ ግን ልብ በሉ፤ የዚያው 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220።)

ይህ እትም ስለ እንጨት ሥራ ነው። መሮና መጋዝ ከመርካቶም ይመጣል፤ ጭንቁ ጣውላው ነው። ከጎባ ወደ ሳነቴ ስትወጡ ኮሶና ጥድ ታያላችሁ። አናጺ ዐይኑ ይቀላውጣል፤ ነገር ግን ሳነቴን የያዘው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ዛፉ እዚያው ይቁም።

ስለዚህ ብዙውን ገጽ ለባሕር ዛፍ ሰጠን። እርጥቡን ከተሠራበት ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፤ እኔም አንድ ጠረጴዛ አበላሽቼበታለሁ። ጥላ ሥር፣ በየመሐሉ ስስ እንጨት እየተደረገ ተደርድሮ ቀስ ብሎ መድረቅ አለበት።

ከአባት የቆየ መሮ ያላችሁ ፎቶውን ላኩልን።